«75 በመቶ» ያላችሁት ከስንት ሰው ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣችሁን በደጄ ከሚያልፈው አዟሪ እገዛለሁ። ከርዕሰ አንቀጹ እስከ ጨረታው ሳላነብ አላሳድርም። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያስነሣችኝ ባለፈው ሳምንት በውስጥ ገጽ ያወጣችኋት ትንሽዬ ሰንጠረዥ ናት። ስለ ቤት ኪራይ የምታወራዋ። «ኪራይ ሲጨመርብዎ ምን አደረጉ?» ትላለች። የተጨመረውን ከፈልኩ 75 በመቶ፣ ሌላ ቤት ፈለግሁ 21፣ ተበደርኩ 14፣ ደባል አስገባሁ 8፣ ሌላ 4። አበቃ። ከበላይዋ በትልልቁ «ከተከራዮች 75 በመቶው ጭማሪውን ከፍለዋል» የሚል ርዕስ አለ።

እኔም ተከራይ ነኝና ነገሩ ነክቶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ የሥራ አመሌ ተነሣና ደመርኩት። 122 መጣ። አልደነገጥኩም። አንድ ሰው ከፍሎም ተበድሮም ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ በላይ መልስ ተፈቅዶ ነው ብዬ ገመትኩ። ግን ገመትኩ እንጂ የነገረኝ የለም። ይባስ ብሎ ስንት ሰው እንደተጠየቀ የትም አልተጻፈም። ገጹን ገልብጬ ሁሉ ፈለግሁ። ከአራት ሰው ሦስቱ 75 በመቶ ነው። ከአራት ሺህ ሰው ሦስት ሺሁም 75 በመቶ ነው። የእናንተው የትኛው ነው?

አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምትጠይቂን ትሉ ይሆናል። የስታቲስቲክስ ምሁር አይደለሁም። የኮፒ ቤት ባለቤት ነኝ። ድሮ አራት ኪሎ፣ ቤቱ በመንገድ ሥራ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ፈረንሳይ ለጋሲዮን። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ኮፒ ማሽንና አንድ መጠረዣ አለኝ። ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ እኔ አስተካክዬ፣ አትሜ፣ ጠርዤ እሰጠዋለሁ። ሥራውን የጀመርኩት በኦሊቬቲ የአማርኛ መተየቢያ ነው። ያኔ ሰንጠረዥ መሥራት ቀልድ አልነበረም። የዓምዱን ስፋት ትቆጥራለህ፣ ታቡሌተሩን ትተክላለህ፣ ቁጥሩን አስልተህ ትመታለህ፣ መስመሩን በማስመሪያና በእስክሪብቶ ታሰምራለህ። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ወረቀቱ ተቀዶ እንደገና። ስለዚህ የማያስፈልግ ዓምድ የሚያስገባ ሰው አልነበረም። አሁን ዓምድ በነጻ ነው። መዘዙም ከዚያ ይጀምራል።

የመጠይቅ መልስ ቆጥሮ ሰንጠረዥ የሚያወጣውን፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን ፕሮግራም ያሳየችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ስታቲስቲክስ ተምራ ሥራ እስክታገኝ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ነበር። ፕሮግራሙ አሮጌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራ፣ አሁን የአይቢኤም ንብረት የሆነ። አናላይዝ ትላለህ፣ ዲስክሪፕቲቭ ስታቲስቲክስ፣ ከዚያ ፍሪኩዌንሲስ። የምትፈልጋቸውን ጥያቄዎች ወደ ቀኝ ትገፋና ኦኬ። እያንዳንዱን መልስ ስንት ሰው እንደሰጠው የሚያሳይ የድግግሞሽ ሰንጠረዥ በአንድ ትንፋሽ ሠላሳ ይዘረግፍልሃል። ተማሪውም ሠላሳውን አፍሶ ወርድ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ ይለጥፋል። «ማዘር፣ እንዳለ ፕሪንት ያርጉልኝ፣ ነገ ማስገቢያው ነው» ይለኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።

ያ ሰንጠረዥ አራት የቁጥር ዓምድ አለው። ፍሪኩዌንሲ (ብዛቱ ማለት ነው)፣ ፐርሰንት፣ ቫሊድ ፐርሰንት፣ ኩሙሌቲቭ ፐርሰንት። አራቱን አንድ ላይ ማተም ማለት ከቁም ሳጥን ያለውን ልብስ ሁሉ ደርቦ ሰርግ መሄድ ነው። ለአንባቢ የሚያስፈልገውን የሚመርጠው ሰው ነው፤ ፕሮግራሙ አይመርጥልህም።

በፐርሰንትና በቫሊድ ፐርሰንት መካከል ያለውን ልዩነት ሳያውቅ የሚመረቅ ስንቱ ነው! እኔም ለዓመታት አላውቅም ነበር። የእህቴ ልጅ እንዲህ አድርጋ አስረዳችኝ። 120 ሰው መጠይቅ ሞልቷል እንበል። ገቢን በተመለከተ 96ቱ መለሱ፤ 24ቱ ባዶ ተዉት። ገቢውን መናገር የሚወድ የለማ! ከመለሱት 48ቱ በወር ከ5,000 ብር በታች ነው የምናገኘው አሉ። 48ን ለ120 ካካፈልከው 40 በመቶ ነው። ፐርሰንት የሚለው ይህን ነው። ለ96 ካካፈልከው ግን 50 በመቶ ይሆናል። ቫሊድ ፐርሰንት የሚለው ደግሞ ይህን ነው። አንዱ ተማሪ «40 በመቶው» ብሎ ይጽፋል። ሌላው በዚያው መረጃ «ግማሹ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። አንባቢው ግን ከየትኛው ድምር እንደተነሡ ካልተነገረው ተታሏል። እኔ ብሆን 24ቱን ዝምተኞች በሰንጠረዡ ግርጌ በአንድ ረድፍ አስቀምጣቸዋለሁ። «መልስ ያልሰጡ፡ 24»። ቦታ አይፈጁም። አንዳንዴ ከመላሾቹ ይልቅ ብዙ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ኩሙሌቲቩማ ለብቻው ሳቅ ነው። ተደማሪ መቶኛ ማለት ነው፤ ከላይ ጀምሮ እየደመረ ይወርዳል። ለትምህርት ደረጃ ወይም ለዕድሜ ሲሆን ጥሩ ነው። «እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩት በጠቅላላው ይህን ያህል ናቸው» ለማለት ይጠቅማል። ለጾታስ? ወንድ 58.3፣ ሴት 100.0 ይላል ዓምዱ። አንድ ልጅ ይህንን አይቶ «ሴቶች 100 በመቶ ሲሆኑ» ብሎ ሁለት አንቀጽ ጽፎ መጣ። «የኔ ልጅ፣ ሴቶቹ መቶ በመቶ ከሆኑ አንተ የት ሄድክ?» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ደነገጠ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ለጋዜጣ የማወጣው ለመመስገን አይደለም፤ ሌላ ጸሐፊ እንዳይደግመው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትሑት ልጅ የማስተርስ ጽሑፉን አመጣልኝ። ከሦስት ወረዳ እኩል 40 ሰው፣ በጠቅላላው 120 ሰው ጠይቋል። ሰንጠረዡ እንዲህ ይላል፦ 40፣ 33.3። 40፣ 33.3። 40፣ 33.3። ድምር 120፣ 100.0። እኔ ደግሞ ሰንጠረዥ ካየሁ ሳልደምር አላልፍም። ሦስቱን 33.3 ስደምር 99.9 ነው። ከታች 100.0 ይላል። ስህተት አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ልጁን ላስቸግረው አልፈለግሁም፤ ደውሎ መጠየቅ ቀላል ነበር። ሦስተኛዋን 33.3 ዝም ብዬ 33.4 አደረግኋት። አሁን ልክ መቶ መጣ። ታተመ፣ ተጠረዘ፣ ሄደ።

ልጁ ጽሑፉን ፈታኞች ፊት የሚከላከልበት ቀን ፈታኙ ያቺን ሰንጠረዥ ከፈተ። «ከሦስቱም ወረዳ 40 ሰው ወስደሃል። ሦስተኛው ወረዳ 33.4 የሆነው በምን ሥራው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ ምን ይበል? «ሶፍትዌሩ ነው ያወጣው» አለ። «እስቲ ክፈተው» ተባለ። ላፕቶፑን ከፈተ። ሶፍትዌሩ 33.3 ይላል። ከዚህ በኋላ ያለውን መገመት አያቅትም። በእጁ የነካው ቁጥር አለ ተባለ። አንዱን የነካ ሌላውንም ይነካል ተባለ። መጠይቆቹን በሙሉ አምጥቶ አንድ በአንድ እንዲያስቆጥር ታዘዘ። ሁለት ሳምንት ፈጀበት። እኔ ጋ መጥቶ ሲነግረኝ አንድ ቃል ክፉ አልተናገረኝም። እሱ ነው የባሰ ያመመኝ። የሠራሁትን ነገርኩትና ይህንኑ ጽፌ፣ ማኅተሜን አድርጌ፣ ለአማካሪው ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ የሰው ቁጥር ነክቼ አላውቅም።

መፍትሔው ግን ምን ያህል ቀላል ነበር መሰላችሁ! መቶኛ ወደ አንድ አሥርዮሽ ሲጠጋጋ ድምሩ 99.9 ወይም 100.1 ቢመጣ ያለ ነገር ነው። ያቺን የገቢ ምሳሌ ተመልከቷት። ከመለሱት 96 ሰዎች 48ቱ 50.0 በመቶ፣ 30ዎቹ 31.3፣ 18ቱ 18.8 ናቸው። ብትደምሩት 100.1 ነው። ትክክል ነው፤ ማንም አላጭበረበረም። ከሰንጠረዡ ሥር በትንሹ «ቁጥሮቹ ስለተጠጋጉ ድምሩ ልክ 100 ላይመጣ ይችላል» ብሎ መጻፍ ይበቃል። አንድ መስመር። ያቺ አንድ መስመር ያንን ልጅ ከሁለት ሳምንት መከራ ታድነው ነበር።

ሌላም ጣጣ አለ፤ ይኼኛው የእኛው የአማርኛ ተጠቃሚዎች ብቻ ጣጣ ነው። ፊደላችን ሁለት ሠ፣ ሁለት ጸ፣ ሁለት አ፣ ሦስት ሀ አለው። ለጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ፍጹም የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። አንዲት ተማሪ የመላሾቿን ሥራ በአማርኛ እንደጻፉት ኤክሴል ውስጥ አስገብታ አመጣችው። ሲቆጠር ነጋዴ 31 ሆኖ አንደኛ ወጣ። እሷም «አብዛኞቹ መላሾች ነጋዴዎች ናቸው» ብላ ትንታኔዋን ጨርሳለች። ወደ ታች ስወርድ «የመንግሥት ሠራተኛ» 22 ይላል። ከዚያ በታች «የመንግስት ሰራተኛ» 14። ከዚያ «የመንግሥት ሰራተኛ» 9። «የመንግስት ሠራተኛ» 6። የመጨረሻዋ ከአራቱ ከአንደኛዋ በምንም አትለይም፤ 3 ትላለች። ዓይኔን አሽቼ ባይ በሁለቱ ቃላት መካከል ስፔስ ሁለት ጊዜ ተመትታለች። ስደምራቸው 54 ሰው! ከ120 ሰው 45 በመቶ ማለት ነው። በእሷ ሰንጠረዥ ግን በአምስት ተበትነው ከነጋዴው በታች ተቀምጠዋል። እሷም ልታለቅስ ደረሰች። «ማሚ፣ ትንታኔው ሁሉ ተበላሸ» አለችኝ። ምን ላድርግ? ሻይ አዘዝኩላት።

መድኃኒቱ ገና መጠይቁን ስታስገቢ ቃሉን በቁጥር መተካት ነው። 1 የመንግሥት ሠራተኛ፣ 2 ነጋዴ፣ 3 የግል ድርጅት ተቀጣሪ እያሉ ቁጥሩን ብቻ መምታት። ኤስፒኤስኤስ ውስጥ ቫሪያብል ቪው በሚለው ገጽ ቫሊዩስ የሚባል ዓምድ አለ። እዚያ 1 ማለት ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ትጽፊለታለሽ፤ ሰንጠረዡ ላይ እሱ ራሱ ይጽፈዋል። ከጎኑ ሚሲንግ የሚባል ዓምድም አለ። ብዙዎች መልስ ያልሰጠውን 99 ብለው ያስገቡና እዚያ ላይ መንገር ይረሳሉ። ፕሮግራሙ ደግሞ 99ን እንደ መልስ ቆጥሮ ያርፋል። ዕድሜ ላይ ሲሆን አስቡት። አንዴ 11 የ99 ዓመት አዛውንቶች ያሉበት የኮሌጅ ተማሪዎች ጥናት አትሜ አውቃለሁ። (በነገራችን ላይ ይህ «ሰንጠረዥ» የሚለው ቃል ራሱ በሰም በሠም ይጻፋል። እኔ ይኼኛውን መርጫለሁ፤ የሚከራከረኝ ካለ ሱቄ ይምጣ።)

ዕድሜ ካነሣሁ አይቀር ሌላም አለ። «18–25፣ 25–35፣ 35–45» ብለው የሚከፋፍሉ አሉ። የ25 ዓመቷ ልጅ የት ትግባ? ሁለት ቤት ያላት ሆነች እኮ። «18–24፣ 25–34፣ 35–44» ቢባል ማንም አይጋፋም። በዚያ ላይ በአገራችን ዕድሜ ስትጠይቅ «ወደ አርባ ግድም» ነው መልሱ። ስለዚህ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ላይ ሰዉ ይከማቻል። ለዚህም ጭምር ነው ትልልቆቹ ጥናቶች ዕድሜን አንድ በአንድ ከመዘርዘር ይልቅ በአምስት በአምስት ዓመት ሰብሰብ አድርገው የሚያቀርቡት።

ትልልቆቹን ካነሣሁ፣ ለእናንተ የሚሆን ትምህርት ያየሁት እዚያ ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት የሚባለውን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው 16,650 ቤተሰቦችን፣ 15,683 ሴቶችንና 12,688 ወንዶችን አነጋግሯል። ሪፖርቱ ውስጥ አንዳንዱ መቶኛ በቅንፍ ነው። አንዳንዱ ቦታ ቁጥር የለም፤ ኮከብ ብቻ ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪ ቀድቶ ሲያመጣልኝ ቅንፉ የትየባ ስህተት መስሎኝ ነበር። ላጠፋው እጄን ሳነሣ ያ 33.4 ትዝ አለኝና ተውኩት። ከሰንጠረዡ ሥር ያለውን ማስታወሻ አስነበብኩ። ቅንፍ ማለት መቶኛው የተሠራው ከ25 እስከ 49 በሚደርሱ ሰዎች ብቻ ነውና ተጠንቀቅ ማለት ነው። ኮከብ ማለት ደግሞ ሰዎቹ ከ25 በታች ስለሆኑ ቁጥሩን አላወጣነውም ማለት ነው። አስቡት፣ አሥራ አምስት ሺህ ሴት ያነጋገረ ጥናት ከ25 ሰው በታች የሆነውን መቶኛ ለማተም ያፍራል። እናንተ የስንት ሰው እንደሆነ ሳትነግሩን 75 ብላችሁ በትልልቁ ጻፋችሁ።

እዚህ ላይ ስለ ዓመት አንድ ነገር ላክል። ከሰንጠረዥ ሥር «ምንጭ፡ የመስክ ጥናት፣ 2016» ተብሎ ሲጻፍ የማን 2016 ነው? የእኛ ከሆነ ከጥቂት ጊዜ በፊት ነው። የፈረንጅ ከሆነ ከዚያም ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። አንድ ገጽ ላይ ሁለቱን አደባልቀው የሚያመጡ አሉ። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ለመጻፍ ስንት ፊደል ነው? ለቤት ኪራይ መረጃ ደግሞ ስምንት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ስለ መልኩም ዝም ብል ሙያዬን መካድ ይሆንብኛል። ከኤስፒኤስኤስ ተገልብጦ የሚመጣ ሰንጠረዥ ወርድ ላይ ሲያርፍ ከወረቀቱ ጠርዝ ይወጣል። ወይ ደግሞ እንደ ፎቶ ይለጠፍና አንድ ፊደል ማረም አይቻልም። ለጥረዛ ተብሎ በግራ በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚተው ደግሞ የባሰ ይጠብበዋል። እኔ እንዳለ አልለጥፍም። ባዶ ሰንጠረዥ እሠራና የሚያስፈልገውን ብቻ አስገባለሁ። አንድ ዓምድ ለመልሱ፣ አንድ ለብዛቱ፣ አንድ ለመቶኛው። ቁም መስመር አላደርግም። ሦስት አግድም መስመር ይበቃል፦ ከዓምዶቹ ስም በላይ፣ ከዓምዶቹ ስም በታች፣ ከመጨረሻው ረድፍ በታች። የሰንጠረዥ አርእስት ከላይ ይሆናል፤ የሥዕል ከታች። አርእስቱ ውስጥ የሰዎቹን ብዛት ጻፍ፤ «የመላሾች ወርኃዊ ገቢ (መላሾች 96)» እንደማለት። ተማሪ ሁሉ የሚረሳው ይህቺን ነው። ጋዜጠኛም ጭምር።

ቁጥሮች ደግሞ እንደ ወታደር ይሰለፉ። 8.3 ከ25.8 በታች ሲቆም ነጥብ ከነጥብ ሥር መዋል አለበት። በመሐል አሰልፎ የሚያመጣ ተማሪ ሞልቷል። ከዚያ 8.3 እንደ ሰካራም ወደ መሐል ያዘነብላል። ወርድ ላይ ከማስመሪያው በስተግራ ጥግ ያለችውን ትንሽ ምልክት እየደጋገምክ ብትጫናት ነጥብ ያላት ምልክት ትመጣለች። ዓምዱን ምረጥና ማስመሪያው ላይ ትከላት። ቁጥሮቹ በነጥባቸው ይሰለፋሉ። በመተየቢያ ዘመን ይህንን በጣት ቆጥረን ነበር የምናደርገው። ይህን ሳያውቅ በስፔስ እየገፋ የሚያሰልፍ ልጅ ሳይ ልቤ ይደማል። ፎንቱ ሲቀየር ሁሉም ይፈርሳል።

የሰንጠረዥ ቁጥርም በእጅ አይጻፍም። ኢንሰርት ካፕሽን የሚል አለ፤ እሱ ራሱ ይቆጥራል። አንዴ 38 ሰንጠረዥ በእጁ ቁጥር ሰጥቶ ያመጣ ሰው ነበረ። አማካሪው ከአራተኛው ቀጥሎ አንድ ጨምር አለው። አምስተኛው ስድስተኛ ሆነ፣ ስድስተኛው ሰባተኛ። ጽሑፉ ውስጥ «በሰንጠረዥ 17 እንደተመለከተው» የሚለውም ሁሉ ሊቀየር ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሃያ ሁለተኛው ጋ ስንደርስ መብራት ጠፋ። ሴቭ አላደረግንም። ከዚያ በላይ መናገር አልፈልግም።

ሰንጠረዡ ለሁለት ገጽ ከተከፈለ ሪፒት ሄደር ሮውስ በሚለው የዓምዶቹ ስም በሁለተኛውም ገጽ እንዲደገም አድርጉ። ኤክሴል ላይ ደግሞ ከ10 እስከ 14 ዓመት ለማለት 10-14 ብላችሁ ብትመቱ ኦክቶበር 14 ብሎ ቀን ያደርግባችኋል። አስቀድማችሁ ሳጥኑን ቴክስት በሉት። ሕፃናቱን ቀን መቁጠሪያ ያደረገ ጥናት በዓይኔ አይቻለሁ። ኤስፒኤስኤስ ለመግዛት አቅም የሌለው፣ ማስገቢያው ዋዜማ ላይ ፈቃዱ አልቆበት የሚሯሯጥ ልጅ ካለ ደግሞ ፒኤስፒፒ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። መልኩ ይመሳሰላል፤ ለድግግሞሽ ሰንጠረዥ ከበቂ በላይ ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህን ሁሉ የዘባረቅኩት ጋዜጠኛችሁን ለማሳጣት አይደለም። ወጣት ይመስለኛል፤ ጽሑፉም ደግ ነው። ደባል ያስገቡትን 8 በመቶ ማንሣቱ ራሱ አስደስቶኛል፤ እኛ ሰፈር ስንቱ እንዲህ እንደሚኖር አውቃለሁ። ግን ያችን ሰንጠረዥ አከራዬም አይቷታል። እሑድ ጠዋት ጋዜጣውን ይዞ መጥቶ «አየሽ፣ ሰባ አምስት በመቶው ያለ ነገር ነው የሚከፍለው» አለኝ። ስንት ሰው ተጠይቆ ነው ብዬ ልመልስለት ፈልጌ መልስ አልነበረኝም። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ልጨምር ነው።

ሰንጠረዧን ደግማችሁ ልታወጧት ብታስቡ እኔ በነጻ አስተካክላታለሁ። ግማሽ ሰዓት አትፈጅም። አርእስቷን ከነመላሾቹ ብዛት ከላይ፣ «ከአንድ በላይ መልስ መስጠት ይቻላል» የሚለውን ከሥር፣ ጥናቱ መቼ እንደተደረገ ከነዓመተ ምሕረቱ። ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ስንት ሰው ተጠየቀ? ስንቱ ሳይመልስ ቀረ? በፍላሽ ላኩልኝ ወይም በስልክ ንገሩኝ። እሑድ ግን ዝግ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮፒ ቤት ባለቤት
ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ